ስድስት ሰደሪያ

ሚያዝያ 2015 ላይ ራዚያ፣ ልጇን ኢቲሳምን ለኒካሕ የጠየቀውን ሰው ልታጣራ ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ ከተማ መጣች። መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ የምትጠብሰውን ሲቲን ጠየቀቻት። ሲቲ ወንበሩን በጨርቅ ጠርጋ አስቀመጠቻትና ዓሣውን እያገላበጠች ጀመረች።

«አረፍ በይ እታለም። አርዲቦ ዘነበላችሁ? እኛ ጋ አቧራው ብቻ ነው… ይቺ ልጄ ናት፣ ሁለት ዓመት አልፏታል። ቀሚስሽን ብትይዝ እንዳትቀየሚ፣ እንግዳ ትወዳለች። እሾሁን ለይተሽ አጉርሻት።

ስለ እሱ ነው የመጣሽው? አብሽሪ። ሰውን በክፉ ማንሳት አልወድም፤ እሱን ደግሞ ምን ብዬ በክፉ አነሳዋለሁ? ከጅቡቲ በመርከብ ወጥቶ አሥራ አራት ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው ነው። ካፒቴን ነበርኩ አላችሁ? ይሆናላ… ድንች ሲልጥ ግን አይተሽው ታውቂያለሽ? ልጣጩ ሳይበጠስ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። መርከብ መንዳት እንዲህ እጅ የሚያፍታታ አይመስለኝም ነበር።

በለውጡ ዓመት ተመልሶ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ከፈተ። ሞተር ያላት ጀልባ፣ ፍሪጅ፣ ጄኔሬተር፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር። ውኃ ላይ የሚያንሳፍፉ ብርቱካንማ ሰደሪያዎችም ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ስድስት ናቸው። ‹ሰደሪያ ያልለበሰ ጀልባዬ ላይ አይወጣም፣ የባሕር ሕግ ነው› ይላል። የኛዎቹ ዓሣ አጥማጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፊላ ሣር በታሰረ ታንኳ ያለ ሰደሪያ ሲመላለሱ ኖረው… ሕግ አለማወቃቸው ነው እንግዲህ።

ሕግ አክባሪነቱን ያየነው ጥቅምት 2014 ነው። ተኩሱ ወደ ከተማችን ሲቀርብ ሰዉ ሁሉ ወደ ማዶ ሊሻገር ሐይቁ ዳር ወረደ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደናገጥ የለ? እሱ እቴ፣ ተረጋግቶ ሰደሪያዎቹን አወረደ። አንዱን ለበሰ። ሁለቱን ፍሪጁ ላይ አሰረ፤ ወፍራም ነዋ፣ አንድ አይበቃውም። አንዱን ለጄኔሬተሩ። የቀሩትን ለስፒከሮቹ… አንድ አንድ፣ ሳያዳላ።

አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ የጀልባውን ጠርዝ ያዘች። ጮኸባት? ወላሂ አልጮኸም። ‹ሰደሪያ አልቋል› አላት፣ በትሕትና፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አላቀቀላት። ስንቱ ባለጌ በመቅዘፊያ ይመታት ነበር። ኋላ አያ እንድሪስ ነው፣ ያ ሕግ የማያውቀው ዓሣ አጥማጅ፣ በፊላ ታንኳው ያሻገራት።

ፍሪጁ? ደኅና ነው አልሐምዱሊላህ፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ያብሰዋል። እንዲህ ለንብረቱ የሚሳሳ ወንድ ከየት ይገኛል?

ባሕሩ ከትዳር አዘግይቶኝ ሳላገባ ቀረሁ አላችሁ?… መቼም ብዙ ማዕበል ያየ ሰው አንዳንድ ነገር ይረሳል።

ምነው መብላት አቆምሽ? ብይ እንጂ፣ ልጄም እጅሽን እያየች ነው… አዎ፣ ግንባሯ ቁርጥ አባቷን ነው፤ ያየው ሁሉ ይላል። አንቺም ያወቅሽው መሰለኝ። ያን ቀን ጀርባዬ ላይ ስምንት ወሯ ነበር።

ለኢቲሳም ሰላም በይልኝ። አላህ ኒካሑን የበረካ ያድርግላት። በዓይኑ ፊት እንደዚያ ፍሪጅ ያድርጋት፤ እሷስ ሁለት ሰደሪያ ይድረሳት።»