የወንድሟ ዛፍ

ከሳን ሊያንድሮ ወደ ኦክላንድ በሚሄደው አውቶብስ ውስጥ፣ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ቅዳሜ የዛፍ ተከላ ቀን ነው። ነይና ቮለንቲር እናድርግ።»

«አምና ከወንድሜ ጋር ተክለን ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ በየሳምንቱ ስልኩ ላይ ከዛፍ ተከላው ድርጅት ‹ዛፍህ ውሃ ጠምቶታል› የሚል ቴክስት ይመጣል።»

«ታዲያ አታጠጪለትም?»

«ኦገስት ላይ ሦስቴ ሄድኩ፤ ሦስቴም አፈሩ ርሶ ጠበቀኝ።»

«ዘንቦ ይሆናላ።»

«አዲስ አበባ መሰለሽ እንዴ? እዚህ በኦገስት መቼ ዘንቦ ያውቃል?»

«እንግዲያው ጎረቤት አጠጥቶት ነው።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ትናንት ግን ‹ስላጠጣህ እናመሰግናለን› የሚል መጣለት።»

«በስመ አብ! ቅዳሜ ትመጫለሽ ታዲያ?»

«ዛፉን ማየት እፈልጋለሁ። ብቻዬን ግን አልሄድም፤ እጄን ትይዢኛለሽ።»

ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ አጥፍቼው የማላውቀውን ስልኩን፣ ቦርሳዬ ውስጥ በሁለት እጄ ጨምቄ ያዝኩት።