የሠላሳ ልጆች መሐላ

ጣሊያን በያዘን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ የእነሱ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ እንጀራዬ ነው፣ አልደብቃችሁም። አንድ አዲስ የመጣ መኮንን ሠላሳ ልጆች ሰብስቦ እንደ ስካውት ያሠለጥናቸው ጀመር። ከየአገሩ የተውጣጡ ልጆች አዲስ አበባ ላይ በድንኳን የሚሰፍሩበት ትልቅ ስብሰባ አለ ተብሎ ነው። ድንኳን መትከሉን፣ ገመድ መቋጠሩን ቶሎ ለመዱት። የቀረው መሐላው ነበር፤ እኔ ቃሉን በአማርኛ ነገርኳቸውና አንድ በአንድ እየወጡ እንዲምሉ ታዘዙ።

መጀመሪያ የወጣው ዓለሙ የሚባል የቀወት ገበሬ ልጅ ነው። «እታዘዛለሁ፣ አልዋሽም፣ ጓደኛዬን ጥዬ አልሸሽም» አለና «ጃንሆይ ይሙት» ሲል ጨመረበት። እኛ ዘንድ በንጉሥ ካልማሉ መች ማሉ ይባላል? ልጁ ከልማድ ነው የተናገረው፤ የተሰደዱትን ንጉሥ ስም መጥራት እንደሚያስገርፍ ትዝ ያለው የእኔን ፊት ሲያይ ነው።

«መጨረሻ ላይ ምን ጨመረ?» አለኝ መኮንኑ።

«መሐላውን አጠበቀው፣ ጌታዬ» አልኩት።

«ጥሩ ነው። እንግዲያው ሁሉም እንደሱ ይበሉ።»

ሁሉም አሉ። የአሊዩ አምባው ሰይድ «ወላሂ» ብሎ ጀምሮ እሱም በጃንሆይ ጨረሰ። አንዳቸውም አልሳቁም። ሠላሳኛው እንዳበቃ መኮንኑ ወደ እኔ ዞሮ «አንተም አብረሃቸው ትሄዳለህ፤ ማል» አለኝ።

ልጆቹ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እጄን አንስቼ እንደነሱ ማልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ሳመላልስ ኖሬ፣ የራሴን የተናገርኩት ያን ቀን ነው።