የጓዳው ገደል

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። ጫማዎን አያውልቁ፣ ወለሉ ገና አልተወለወለም። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘዎት አይደል? ሻንጣውን ለእኔ ይስጡኝ... ከባድ ነው፤ ሰንበት ሊሉልን ነው ማለት ነው። እሰይ። በስልክ ስለምንዎት እሺ ይሉኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እዚህ ይቀመጡ፣ የመስኮቱ ጥግ ወንበር ረጥቧል። ሻዩ ትኩስ ነው፤ ስኳሩን እንደሚወዱት አሳንሼዋለሁ።

ወንድምዎ? ውስጥ ጋደም ብሏል። እግሩ በጄሶ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ የተውኩት አየር እንዲገባለት ነው። ኧረ ድምፅ መቀነስ አያስፈልገንም... ጆሮው አልተሰበረም።

እኛማ ያው ነን። ዝናቡ ሲገባ የተራራው መንገድ ይዘጋል፣ እንግዳም አይመጣም፣ ድርጅቱም እኛን አስጎብኚዎቹን «በሉ ደህና ክረሙ» ብሎ ያሰናብተናል። ሰው ታዲያ ተኝተን የምንከርም ይመስለዋል። እርስዎስ ባለፈው «የእናንተ የክረምት ሥራ እንቅልፍ ነው?» ብለውኝ አልነበር? አይደለም እትዬ። በጋውን ሙሉ እንግዳ ሲያወጣ ሲያወርድ የከረመ ሰው፣ ዕረፍት ሲሰጡት ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል? ተመልሶ እዚያው ዱር ይገባል። አንዷ ባልደረባችን ወፍ የሚያጠኑ ሰዎችን ተከትላ ረግረግ ውስጥ ትከርማለች፤ እንግዳ «ይህች የምትጮኸው ምንድን ናት?» ባላት ቁጥር «ወፍ ናት» ብላ መመለስ ሰልችቷታል። ሌላው ቋጥኝ መውጣት ይለማመዳል፤ ጣቶቹን ቢያዩአቸው ግንበኛ ነው የሚሉት። እንግዳ በሌለበት እንወድቃለን፣ እንግዳ ባለበት ላለመውደቅ። ትምህርታችን ይኸው ነው።

ከሁሉም ግን አንድ ሰው አለ... ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ እትዬ... አንድ ባልደረባችን ነው፤ እርስዎ አያውቁትም። ወንድምዎ ነው የሚያውቀው፣ በጣም ይቀራረባሉ። ዱር የሚወድ ሰው እንደ እሱ አላየሁም። ሚስቱም አስጎብኚ ናት፤ እሷን እንኳ ትንሽ ትንሽ አውቃታለሁ። ልጆች ሲመጡ ጊዜ ተራ እንግባ ተባባሉ፤ በክረምት አንዱ ሲወጣ አንዱ ከልጆቹ ጋር ቤት ሊቀመጥ። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ አለ? የመጀመሪያው ክረምት የእሱ ሆነ፣ ታላቅ ስለሆነ። ቀጣዩ የእሷ ነበር፤ ግን ታናሹ ጡት አልጣለም ነበርና እሱ ሄደ። አያጠባ ነገር፣ ቤት ምን ይሠራል? የሚቀጥለውም የእሷ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ከኃይለኛ ወንዝ ሰው የማውጣት ትምህርት መጣ። «ግዴለሽም፣ እኔ ልማርና መጥቼ አስተምርሻለሁ» አላት። እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል? ሚስቱ እንዳትረጥብ ብሎ እሱ የሚረጥብላት።

ተምሮም መጣ። ባርኔጣው አዲስ፣ ፎቶው የትየለሌ። እሷን ማስተማሩ ብቻ ትንሽ ዘገየ። የሚያውቅ ሰው ቁጥብ ነው፣ እንደኛ ያወቀውን ሁሉ አይዘረግፍም።

በጋ ገባና ባልና ሚስቱ እንግዶች ይዘው ወንዝ ሊያሻግሩ ወረዱ። አንዲት ሴትዮ፣ በዕድሜ እርስዎን የምታክል፣ መሐል ላይ ድንጋዩ አዳለጣትና ውሃው ይዟት ሄደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ያኛው ለማሳሳቅም ጊዜ አልነበረው። የተማረው ሰውዬ ዳር ቆሞ ገመዱን ወረወረላት። አወራወሩን ቢያዩት... ልክ እንደተማረው፣ መዳፏ ላይ ነው ያሳረፈው። ሴትዮዋም ጫፉን ጨብጣ ያዘች። ብቻ እሱ በወዲህ በኩል ያለውን፣ የራሱን ጫፍ ሳይይዝ ነው ሙሉውን የወረወረው። ለጋስ ነው፤ ለራሱ የሚያስቀረው የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ... ሞኝ ቢሆንማ ይይዘው አልነበር?

ሚስቲቱ ያልተማረች ናት፣ ምን ታውቃለች... ዘላ ገባች። የሴትዮዋን ጃኬት ከኋላ ያዘች፣ አብረው ተንከባለሉ፣ ውሃ ጠጡ። ከታች አንድ የወደቀ ዛፍ ባይዛቸው ኖሮ... ይተዉት እትዬ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧ በኃይል ሲከፈት ከሰማች ብድግ ትላለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱ ዳር ዳሩን እየሮጠ «እግርሽን ወደ ፊት፣ እግርሽን ወደ ፊት» ይላት ነበር። አስተምርሻለሁ ብሏት የለ? አስተማራት። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው።

አሳለ እንዴ? አይነሱ እትዬ፣ አይነሱ። አቧራ ይሆናል። ሰው ሲተኛ ያስለዋል።

እና ዘንድሮ ተራው የእሷ ሆነ። ያንኑ የወንዝ ትምህርት ልትማር ተመዘገበች፤ አስተማሪዋ ዕድሜዋን በጀልባ የጨረሰች ሴት ናት አሉ። ሚስቲቱ ቦርሳዋን ሸከፈች፣ ለልጆቹ ልብስ አጣጠፈች። ልትሄድ ስትል ጉልበቱን አመመው። ቀኝ ጉልበቱን። ጉልበት መቼም ቀን አይመርጥም፣ አይደል? መቆም አቃተው፣ ልጅ ማንሳት አቃተው፣ ድስት ማማሰል አቃተው። ማማሰል በጉልበት መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት... ያወቀችው ማለቴ ነው። ለአስተማሪዋ ደውላ «ቀርቻለሁ፣ ቦታዬን ለሌላ ስጪው» አለች። ታልቅስ አታልቅስ አይታወቅም፤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

በማግስቱ ለዚያው ጉልበት ቅባት ልትገዛ ፋርማሲ ሄደች። ስትመለስ ትልቋ ልጇ ደጃፍ ላይ ቆማ «አባቢ ወደቀ» አለቻት። ለካስ ጓደኞቹ «አዲስ ዋሻ አግኝተናል፣ ድረስ» ብለው ደውለውለት ኖሯል። ያ ጉልበት «ዋሻ» የሚለውን ቃል እንደሰማ ተፈወሰ። ይመስገነው፣ ቅባትም አላስፈለገው። ትልቁ ቦርሳው ደግሞ የሚቀመጠው ጓዳ፣ ቆጡ ላይ ነው። መሰላል አቆመ፣ ወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል... እሱ ብብቱ ውስጥ ምንም አልነበረውም፣ ስለዚህ ራሱን ጣለ። ሚስቱ ስትገባ ከቦርሳው ሥር ተጋድሞ አገኘችው። ሄልሜቱን አጥልቋል፣ ገመዱን በትከሻው አድርጓል። የዚያን ቀን እንኳ ሁለቱንም ጫፍ ይዞ ነበር። ሰው ይማራል እትዬ፣ ዕድሜ ይስጠው እንጂ።

የተሰበረው? ግራው። ቀኙ፣ ያ የታመመው፣ ጭረትም አላገኘውም። የወንድምዎም ግራው ነው መሰለኝ... አዎ፣ ግራው ነው። እንዴት ይገጥማል አይሉም?

እሷም እግሩን በዣንጥላ ደግፋ በፎጣ አሰረችለት። እሱ ወለሉ ላይ ተኝቶ «እንዲህ አይደለም፣ በዚያ በኩል አዙሪው» ይላታል። መሪ ምን ጊዜም መሪ ነው፤ ወድቆም ይመራል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ «ከምን ወደቅህ?» አለው። «ከገደል» አለ። ሐኪሙ ከልቡ አዝኖ «ገደሉ ምን ያህል ይሆናል?» ሲል፣ ልጅቷ ቀደም ብላ «ከጓዳችን ነው» አለች። ልጅ መቼም ስለ ገደል ምን ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ገደሉ ያድጋል። ለመጀመሪያዎቹ የበር ቁመት ነበር፤ ትናንት ብርቱካን ይዘው የመጡት ባልደረቦች ሲወጡ ግን ጫፉን ደመና ሸፍኖት ነበር። በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ቀረ እያልን ስንት ዘመን በሬውን አማነው። እሱ ደግሞ ገደሉን አይቶ መሰላሉን ሳያይ ቀረ።

ይሳቁ እንጂ እትዬ፣ ምን ያፍኑታል? እኔም ስቄያለሁ። እሷ ግን ያን ዕለት አልሳቀችም አሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጄሶው እስኪደርቅ እጁን ይዛ ቆየች። ትወደዋለች እኮ... እሱም ይህን ያውቃል። ክረምቱ ሁሉ የእሱ የሆነው ለምን ሆነና?

እጁን ከለቀቀች በኋላ ተነሥታ ለአስተማሪዋ ደወለች። «ቦታሽን ለማንም አልሰጠሁም፣ ወንዙም የትም አልሄደ፣ ነዪ» አለቻት አስተማሪዋ። ቀጥሎ ለባሏ ታላቅ እህት ደወለች። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እህት አለችው፤ ምን የመሰለች ደግ ሰው። በልጅነቱ አንድ ቀን እንኳ ሳህን አጥቦ እጁ እንዳይሻክር ስትጠነቀቅለት የኖረች። ይህን ያህል አድርጎ ለማሳደግ ስንት ድካም ይጠይቃል? ሚስቲቱ የዚህን አስተዳደግ ፍሬ በየቀኑ እየቀመሰች ታመሰግናታለች። እሷም ደግነቷ አይለቃትምና፣ በዚህ ዝናብ ተነሥታ መጣችላት።

እንግዲህ እኔም ልነሳ። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ቦርሳዬን በር ላይ አድርጌዋለሁ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት በራሳቸው ይመጣሉ። ምግቡ ድስቱ ውስጥ ነው፣ የሚቀረው ማሞቅ ነው። ምድጃው አጠገብ ለወንድምዎ ወንበር አድርጌለታለሁ፤ ቁጭ ብሎ ያማስላል፣ እጁ ደህና ነው። የልጆቹንም ልብስ ተቀምጦ ያጣጥፍ። «አሞኛል» ካለዎት የትኛው እግር እንደሆነ ብቻ ይጠይቁት።

እኔማ ወደ ወንዙ ነው፤ ተራ ደርሶኝ። ያቺ ሚስትም እዚያ ሳትኖር አትቀርም፤ ካገኘኋት ሰላም ብለውሻል እላታለሁ።

ገብቼ አልቀሰቅሰውም፤ እንቅልፉ ዛሬ ከባድ ነው... ትንፋሹም አይሰማ። ከዚሁ ሆኜ ልመርቀውና ልሂድ፣ እርስዎ ስለ እሱ አሜን ይበሉልኝ። እግዜር ይማረው። ያመመውንም ያላመመውንም እግሩን ያጽናለት። ልጆቹ ከጉያው አይጥፉ፣ ድስቱ ከእጁ አይውረድ፣ ዕድሜውን ያርዝምልኝ። እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር ወጥቼ እስክገባ ድረስ፣ የኔን ጌታ እግዜር ከቤቱ አይለየው።