ኳሱ ላይ አይታሰርም

ጋሼ ሞተርን ያገኘኋቸው ሳላስበው ነው፣ ጎሚስታው ጋ። እሳቸው ጎማ ሊያስለጥፉ መጥተዋል፤ እኔ ጆንያ ሙሉ ዕቃ ይዤ የጎደለኝን ልጠይቅ።

አዋላጅ ነኝ። እሳቸው የጤና ጣቢያችን ሾፌር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ነድተዋል፤ ዋና ስማቸውን የሚያውቅ የለም። በማግስቱ አብረን ከወንዙ ማዶ መሄድ ነበረብን። መንታ ያረገዘች ሴት አለች፤ የፊተኛውን ልጇን በቀዶ ጥገና ነው የወለደችው። ምጡ ሲጠና ሆስፒታል ካልደረሰች አለቀላት። ባለፈው ወር በዚያው መንገድ ጭቃ ይዞን ሰባት ሰዓት ቆምን። ያን ጊዜ የጠራችን እናት ጋ የደረስነው ልጇ ከሞተ በኋላ ነው።

«ሲስተር፣ ምንድነው ሸክሙ? ቤት ለቀሽ እንዴ?»

«የነገ ዕቃ ነው ጋሼ። መኪናው ላይ ይጫናል።»

ጆንያውን ከፈቱት። አካፋ፣ ሁለት አጫጭር ሳንቃ፣ ወፍራም አዲስ ገመድ፣ ጓንት፣ የጎማ አየር መለኪያ፣ ፓምፕ፣ የእጅ ባትሪ፣ እሳት ማጥፊያ። አካፋውን እንደ እባብ በሁለት ጣት ይዘው መለሱት።

«ይሄ እኔ መኪና ላይ አይወጣም።»

«ለምን?»

«አካፋ የጫነ መኪና ጉድጓድ ይጠራል። ሟርት ነው። ደሞ ሾፌሮቹስ? ‹ጋሼ ሞተር እጁ ከዳው› ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉ።»

«ላንቺ ቀላል ነው። ስሙ የኔ ነው።»

«ማዋለጃ ክፍሌ ውስጥ ደም ማቆሚያ መርፌ ጠፍቶ አያውቅም። እናቶቹ ላይ እያሟረትኩ ነው?»

ጎሚስታው ሳቀ። ጋሼ ሞተር አልሳቁም።

«ሰው ባለበት አገር ገመድ ምን ያደርጋል? ከተያዝን ሰው ይወጣል፣ ይገፋል። ደግ ሕዝብ ነው።»

«ባለፈው ወር ስንት ሰው ገፋን?»

«ሃያ ይሆናል።»

«ስንት ሰዓት?»

ፊታቸውን ወደ ጎማው አዞሩ። ይቺን መዞር አውቃታለሁ። «ሚስትህን ለምን ቶሎ አላመጣሃትም?» ስል ባሎች ፊታቸውን የሚያዞሩት እንደዚህ ነው።

«ገመድ ከሆነ የራሴ አለኝ» አሉ። ከመኪናቸው ወንበር ሥር ጎትተው አወጡት። ፀሐይ የበላው፣ ሦስት ቦታ የተቋጠረ ናይለን። «ይሄን ኋላ ኳሱ ላይ ሸብ ነው። ያ ኳስ ዝሆን ይጎትታል።»

ተጎታች የሚያያዝበትን የብረት ኳስ ማለታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ኳሱ ላይ አይታሰርም። ኳሱ የተሠራው ቀስ ብሎ ለሚከተል ተጎታች ነው። የሰመጠ መኪና በድንገት ሲነጥቁበት ይገነጠላል፤ ከዚያ ጥይት ነው። ገመድ የሚታሰረው በመኪናው አጥንት፣ ሻንሲው ላይ ባለው መንጠቆ ነው። ሰው ደግሞ ይርቃል።»

«የት ተማርሽው? ማዋለጃ ክፍል?»

«አነበብኩ። ከዚያ ይሄን ሰውዬ ጠየቅኩት።»

«እውነቷን ነው» አለ ጎሚስታው።

«አንተ ጎማህን ለጥፍ! ሠላሳ ዓመት ገመድ አጠገብ ቆሜ፣ እጄን እያወዛወዝኩ መኪና አስወጥቻለሁ። ጭረት አለብኝ?»

«እንግዲያው እዚሁ እንሞክረው። በእርስዎ ገመድ፣ በእርስዎ ኳስ። ከያዘ ጆንያዬን ይዤ ወደ ቤቴ። ካልያዘ ዕቃው ይጫናል። እምቢ ካሉ ሌላ ሾፌር ይሰጠኝ ብዬ አሁኑኑ ለአለቃችን እጽፋለሁ።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«አዎ።»

ግቢው ውስጥ ጎማ የሌለው የጭነት መኪና ተጋድሟል። የገመዱን አንድ ጫፍ እሱ ላይ፣ ሌላውን ኳሱ ላይ አሰሩ። እኔ ባዶ በርሜል አንከባልዬ እሳቸው ሁልጊዜ በሚቆሙበት ቦታ አቆምኩ፤ ከጭነት መኪናው አጠገብ።

«ኮትዎን ያውሱኝ።»

«ለምኑ?»

«ይስጡኝ እንጂ።»

በርሜሉን ኮት አለበስኩት። እኔና ጎሚስታው ከግንቡ ጀርባ ሆንን። ጋሼ ሞተር እየሳቁ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ወደ ኋላ ተመልሰው ገመዱን አላልተው፣ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ነዳጅ ረግጠው ተፈተለኩ።

አንድ ጊዜ ጓ አለ።

ኳሱ ተገንጥሎ በርሜሉን መትቶታል፤ በርሜሉ ግቢው ጥግ ሄዶ ወድቋል። ጋሼ ሞተር ወረዱ። ኮቱን አነሱት። ደረቱ ላይ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። እጃቸውን አሳለፉበት፣ መለሱት። ሰው በዓይኑ እያየ አይሰበክም።

«ባለፈው ወር» አሉ፣ «ሃያውም ሰው እኔ አጠገብ ነበር የቆመው።»

«አዎ።»

«ጆንያውን ስጪኝ። አንቺ አትሸከሚ።»

ካመኑ በኋላ ማን ያቆማቸዋል? ዝርዝሬን ናቁት። «መጠጥ ውሃ የታለ? ክሪኩ መኪናውን ሲያነሳ ጭቃ ላይ ይሰምጣል እኮ፤ አንተ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ ቁረጥልን!»

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ስንመለስ ጭቃው ላይ ተያዝን። እናትየዋ ከኋላ ናት፣ ምጡ ጀምሯታል። ጋሼ ሞተር ጎማውን አስተነፈሱ፣ ቆፈሩ፣ ሳንቃውን ከተቱ። መኪናው ግማሽ ወጥቶ ቆመ። አንድ ትራክተር መጣ። አዲሱን ገመድ ከሻንሲው መንጠቆ ወደ ትራክተሩ መንጠቆ አሰርን። ሰውም ተሰበሰበ። የትራክተሩ ባለቤት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጃቸውን መሪው ላይ አስቀምጠው ገመዱ ጋ ቆሙና እጃቸውን አነሱ።

«ወንድሜ፣ ዞር በል!» አሉ ጋሼ ሞተር።

«እኔን ነው? ይሄን ሥራ አንተ ሳትወለድ ነው የጀመርኩት!»

«እስካሁን ተርፈሃል፣ ዕድልህን አትጨርሰው! እዚያ ዛፍ ድረስ፣ ሁላችሁም! አንድ ሰው ከቀረ ሞተር አላስነሳም!»

ጋሼ ሞተር ተሰደቡ። ንቅንቅ አላሉም። ሰዉ እያጉረመረመ ራቀ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። እናትየዋ ሁለት ሴት ልጆች ወለደች፣ ሆስፒታል፣ በሰዓቱ። ሦስቱም ደህና ናቸው።

ጥቅሙ ምንድነው ለሚል፦ ሰባት ሰዓት የፈጀው በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ። ሊረዳን የወጣ ሰው በእግሩ ቤቱ ገባ። ሾፌሩ እጁ አልከዳውም፤ እጁ ላይ ዕቃ ተጨመረለት እንጂ። ይሄ ሁሉ አንድ ጆንያ ነው።

አለቃችን ግን «ዕቃው ለአንድ መኪና ከኖረ ይበቃል» ብለዋል። የጣቢያችን ሁለተኛ መኪና ባዶውን ይወጣል ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ልከራከራቸው ቢሯቸው ስገባ ጋሼ ሞተር ቀድመውኛል። የሁለተኛው መኪና ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«ቁልፉ ዕቃው ሲሟላ ይመለሳል» ይላሉ ለአለቃው፣ ፊት ለፊት። «እስከዚያ ጥሪውን ሁሉ እኔው እሄዳለሁ። ባባርርዎትስ ካሉኝም፣ እኔም የተወጠረ ገመድ ነኝ፤ መጀመሪያ ራቅ ይበሉና ያባርሩኝ።»