የአቫሮች ንጉሥ ሙግትና የአቶ አድማሴ በቅሎ

በወረታ ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ ቃል

የቃል ሰጪው ስም፦ ሳልህ መሐመድዘይን
ዕድሜ፦ 51 ዓመት
ሥራ፦ የጨውና የጨርቅ ንግድ
አድራሻ፦ ወረታ ከተማ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት አጠገብ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 23 ቀን 1955 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ተሰረቀች ስለተባለችው ዳማ በቅሎ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ቃል ሰጪ፣ የአቶ አድማሴ ደረሰ በቅሎ በግቢዬ ታስራ የተገኘችበትን ምክንያት እንድገልጽ ተጠይቄ ያለ ማንም አስገዳጅነት የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። በቅሎዋን አልሰረቅሁም። በቅሎዋን ያገኘኋት በዳኝነት ነው። ሃምሳ አለቃው ብዕራቸውን አቁመው ስላዩኝ፣ በዳኝነት ብለው እንዲጽፉልኝ ደግሜ ለምኛለሁ።

ጥር 4 ቀን ከአንበሳሜ ገበያ ጨው ሸጬ፣ ባዶ ጆንያ የተጫነች አህያዬን እየነዳሁ ወደ ወረታ ስመለስ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የጉማራን ወንዝ ተሻግሬ ከመንገዱ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ስደርስ ብዙ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥሁ። ነገር ግን ሰዉ እሸት ሽንብራ እየፈለፈለ ይስቅ ስለነበር የሞተ ሰው እንደሌለ ተረዳሁ። ነገሩ እኔን የማይመለከተኝ በመሆኑ አልፌ ልሄድ ስል «በሕግ አምላክ! ቁም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሕግ አምላክ ከተባለ በኋላ እግሩን የሚያነሣ ሰው ስለሌለ ቆምሁ።

ያስቆሙኝ አቶ አድማሴ ናቸው። አቶ አድማሴ በሙግት የታወቁ፣ ስለ አባታቸው ርስት ደብረ ታቦር ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ኩታቸው ከአንድ ወጣት ኩታ ጋር ተቋጥሮ ነበር። ወጣቱ በወረታ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው መምህር አያልነህ ነው። ሁለት ባለ ጉዳዮች ኩታ ለኩታ ከተቋጠሩ ዳኛ ሳይፈርድ እንደማይፈቱ፣ ዳኛ ከሌለም መንገደኛ አስቁመው ዳኛ እንደሚያደርጉት በልጅነቴ አይቻለሁ። ዛሬ ፍርድ ቤት በየቦታው ስላለ የቀረ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለምን እኔን እንደመረጡ ብጠይቅ አቶ አድማሴ፣ «እዚህ የቆመው ሁሉ ወይ ዘመዴ ነው ወይ ከእኔ ጋር ሙግት ያለው ነው። ከሁለቱም ያልሆንህ አንተ ብቻ ነህ» ሲሉ መለሱልኝ። ዳኝነቱን እሺ ካልሁ በኋላ ግን አንተ መባሌ ቀርቶ አንቱ ተባልሁ። ይህ ደስ አሰኝቶኛል። ደስ ባያሰኘኝ ኖሮ አህያዬን ነድቼ እሄድ ነበር። ጆንያዬን አጥፌ ድንጋይ ላይ አነጠፍሁና ተቀመጥሁ።

የጠባቸውን ምክንያት ስጠይቅ የተረዳሁት እንደሚከተለው ነው። መምህር አያልነህ የአቶ አድማሴን ልጅ ወይዘሪት ታይቱን ለማግባት ከኅዳር ወር ጀምሮ ሽማግሌ ሲልክ፣ አቶ አድማሴ እሺም እምቢም ሳይሉ ቆይተዋል። በዚያን ቀን አቶ አድማሴ በበቅሎ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይነሽና ታይቱ በእግር ሆነው ከገበያ ሲመለሱ መምህሩ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። አቶ አድማሴ «ለመሆኑ ለልጆቹ ምንድን ነው የምታስተምር?» ብለው ይጠይቁታል። መምህሩ በዚያ ሳምንት ስላስተማረው ስለ አቫሮች ይነግራቸዋል። አቫሮች ከብዙ ዘመን በፊት ከምሥራቅ በፈረስ መጥተው በአውሮፓ መካከል፣ ዳኑብ በሚባል ወንዝ ዳር ባለ ሜዳ ላይ የሰፈሩ ሕዝብ ናቸው አለኝ። ንጉሣቸውን ካጋን ይሉታል፤ ስሙ የታወቀው የመጀመሪያው ካጋን ባያን ይባላል። ሜዳ፣ ወንዝ፣ ፈረስ፣ ከብት ሲል የፎገራን አገር የሚያወራ መስሎኝ በደንብ አዳመጥሁ።

አቶ አድማሴም አቫሮች ራሳቸው ስለ ንጉሣቸው የጻፉት ነገር እንዳለ ይጠይቁታል። መምህሩ ምንም የለም፣ ስለ ባያን የጻፉት ጠላቶቹ የነበሩት የቁስጥንጥንያ ሰዎች ናቸው ይላል። በዚህ ጊዜ አቶ አድማሴ በቅሎዋን አቁመው፣ «በጠላት ቃል ንጉሥ የሚያነግሥ ሰው ነገ በርስቴም ላይ የጠላቴን ቃል ያምናል። ይህን ነገር በሙግት ካላስረዳኸኝ ሽማግሌዎችህ ደጄን አይርገጡ» አሉት። መምህሩም የከተማ ልጅ ሆኖ ሳለ «እሺ፣ እንሟገት» አለ። እንግዲህ ሙግቱ የአቫሮች ቢሆንም የሚፈረደው በታይቱ ትዳር ላይ መሆኑን እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከእናቷ ኋላ ቆማለች።

አቶ አድማሴ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ባያን የሚባል ንጉሥ መኖሩ አልተመሰከረም፣ በቅሎ አግባ አሉ፤ ከሁለታችን የተረታ በቅሎ ይስጥ ማለታቸው ነው። መምህሩ አገባሁ አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ መምህሩ እንኳን በቅሎ ዶሮ የለውም። እኔም እንደ ሥርዓቱ ዋስ ጥራ አልሁት። ዙሪያውን ቢያይ የሚያውቀው ሰው የለም። ያን ጊዜ ታይቱ ከእናቷ ኋላ ወጥታ «ዋሱ እኔ ነኝ» አለች። ምን አለሽ ብላት ያችኑ አባቷ የመጡባትን ዳማ በቅሎ በጣቷ አሳየችኝ።

አቶ አድማሴ «ኧረ ይቺ ልጅ! እኔ ያገባኋትን በቅሎ!» ብለው ጮኹ። ታይቱም አንገቷን ደፍታ፣ «አባየ፣ በቅሎዋን ግልገል ሳለች አያቴ ለእኔ ነው የሰጡኝ። አንቱ የሚቀመጡባት እኔ ስለምወድዎ ነው» አለች። ወይዘሮ ጸሐይነሽን ብጠይቃቸው እውነት መሆኑን መሰከሩ። ስለዚህ አባትየውም ያገቡት ያችኑ በቅሎ፣ የመምህሩም ዋስ ያስያዘችው ያችኑ በቅሎ ሆነ። እንደ ጥንቱ ሥርዓት የተረታው የሚያገባው ለዳኛ ስለሆነ፣ ማንም ይርታ ማን በቅሎዋ ወደ እኔ መምጣቷ አይቀርም። ከእኔ የበለጠ ለማንም የማያደላ ዳኛ በዚያን ቀን በአገሩ እንዳልነበረ ለማስረዳት ይህን ተናግሬአለሁ።

ሙግቱ ተጀመረ። አቶ አድማሴ ቂመኛ አይመሰክርም፣ የቁስጥንጥንያ ሰው በአቫር ላይ የተናገረው ሁሉ ይጣልልኝ ሲሉ ተከራከሩ። የተሰበሰበውም ሰው እውነት ነው አለ። ፊቴን ወደ መምህሩ ሳዞር ላቡን እየጠረገ ነበር። ከዚያም የቁስጥንጥንያ ሰዎች በየዓመቱ ለባያን ወርቅ ይገብሩ እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል አለ። «ጌታዬ፣ ጠላት አሸነፍሁ ብሎ ቢጽፍ ይዋሻል ይባላል። ገበርሁ ብሎ ሲጽፍ ግን የሚመሰክረው በራሱ ላይ ነው። ላልነበረ ንጉሥ ማን ይገብራል?» አለ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ሲሰማ ነበርና እጁን አጨበጨበ። ሙግት ላይ እንዲህ አይደረግም ብዬ ገሠጽሁት። እኔም ባጨበጭብ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነጋዴ ነኝና ገበርሁ ብሎ የሚዋሽ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ባያን ነበረ፣ መምህሩ ረትቷል ብዬ ፈረድሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢበቃ መልካም ነበር። መምህሩ ግን ድሉ ራሱ ላይ ወጣ። ከኪሱ ከውጭ አገር መጽሔት የተቀደደ ሥዕል አውጥቶ አሳየን። በሃንጋሪ አገር አሸዋ ውስጥ ስም ያልተጻፈበት የአቫር መቃብር ተቆፍሮ፣ ከሰውየው ጋር የወርቅ ቀበቶና በወርቅ የተለበጠ የቀንድ ዋንጫ ተገኝቷል። ሊቃውንቱ ካጋን ነው አይደለም እየተባባሉ እስካሁን አልተስማሙም። መምህሩ «ይህን ሁሉ ወርቅ ይዞ የተቀበረው ካጋን ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? በቅሎ አግባ!» ብሎ በአቶ አድማሴ ላይ ጮኸ። አጯጯሁን ከሳቸው ቀድቶ ነበር። አቶ አድማሴ ዓይናቸው እንደ ልጅ በርቶ «አገባሁ!» አሉ። በቅሎዋ ከአንዴም ሁለቴ ተያዘች።

አቶ አድማሴም መምህሩን እንዲህ ሲሉ ጠየቁት። ንጉሥ ጀግናውን ሲሸልም ምን ይሰጠዋል? የወርቅ ጉትቻ፣ ካባ፣ ሰይፍ ይሰጠዋል አለ። ጀግናው ሲሞት ሽልማቱ ምን ይሆናል? መምህሩ አብሮት ይቀበራል አለ። አቶ አድማሴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዳኛው ይስሙልኝ። ወርቅ የታጠቀ ሁሉ ንጉሥ ከሆነ አገሩ ንጉሥ በንጉሥ ሆኖ ገባሪ ይጠፋል። ይህ ሰው የተሸለመ እንጂ የሸለመ ለመሆኑ ምስክር የለውም» አሉ። መምህሩ ሥዕሉን አየ፣ አቶ አድማሴን አየ፣ ሥዕሉን ደግሞ አየ። ከዚያም መሳቅ ጀመረ። «ተረታሁ። ይህን ያስተማሩኝ ሰዎች እንዲህ ብለው ቢያስረዱኝ ኖሮ በቅሎ አላገባም ነበር» አለ። መቃብሩ የካጋን ነው ለማለት አይቻልም፣ አቶ አድማሴ ረትተዋል ብዬ ፈረድሁ። እንግዲህ ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ስለተረቱ ከሁለቱም በቅሎ መቀበል ነበረብኝ። ሁለቱን በቅሎዎች አንድ ላይ ተቀበልሁና ልጓሟን ያዝሁ።

አቶ አድማሴ በትራቸውን ከመሬት ነቀሉ። ከዚያ መምህሩን አንገቱን ይዘው ግንባሩን ሳሙት። «ይህን ሁሉ ዘመን ስሟገት ከጎኔ የሚቆም ወንድ ልጅ አልነበረኝም። መርታትም መረታትም የሚያውቅ ልጅ መንገድ ላይ አገኘሁ። ሽማግሌዎችህ ነገ ይምጡ፤ ጠላ አለ» አሉ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ እልል አሉ፤ ሰዉ ሁሉ ተቀበላቸው። እኔ በዳኝነት ቦታዬ ሆኜ እልል ማለት ስለማይገባኝ አህያዬን አቅፌ ሳቅሁ። ቋጠሮውን ልፈታ ስጠጋ አቶ አድማሴ ቤት እስክንደርስ ይቆይ አሉ። በቅሎዋ ከእኔ ጋር ስለቀረች አማችና አማት እንደተቋጠሩ በእግራቸው ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ደግሞ ሌላ ነገር ይከራከሩ ነበር።

በቅሎዋን ለምን እስከ ዛሬ እንዳልመለስሁ ተጠይቄ እንዲህ ስል መልሻለሁ። እውነቱን ለመናገር ወደድኋት። ሰጋር ናት፤ ከሾላው እስከ ወረታ ስትወስደኝ በእጄ ውኃ ብይዝ ጠብ አይልም ነበር። ታይቱም ገበያ በወጣች ቁጥር ወደ ሱቄ ጎራ እያለች ገብስ ታበላት፣ አንገቷን ታሻሽ ነበር። አንድም ቀን መልስልኝ አላለችኝም። ይህን ያየችው ባለቤቴ ሀቢባ ናት። ባለፈው ሰኞ «ሙሽራዪቱ በእግሯ ስትሄድ አንተ በበቅሎዋ ልትንፈላሰስ ነው?» አለችኝ። እኔም ለሠርጉ ስጦታ አድርጌ ልሰጣት ወሰንሁ። በቅሎዋን አሳጥቤ፣ ኮርቻዋ ላይ የሚለብስ አዲስ ግላስ ገዝቼላት በግቢዬ አሰርኋት። ትናንት ግን የአቶ አድማሴ ወንድም አቶ ደሞዝ ለሠርጉ ከበለሳ ሲመጣ፣ ሙግቱን አልሰማም ነበርና የወንድሙን በቅሎ እኔ ደጅ አይቶ ሌባ ብሎ ጮኸብኝ፤ እኔንም በቅሎዋንም ወደዚህ ጣቢያ ነዳን። ለወንድሙ ንብረት የተቆረቆረ ሰው ስለሆነ አልቀየምሁትም። ሽጉጥ ባይኖረው ግን ይበልጥ አልቀየመውም ነበር።

አዲሱ ሕግ የመንገድ ዳኛንም በቅሎ አግባንም እንደማያውቅ ሃምሳ አለቃው ነግረውኛል። ሕጉን አከብራለሁ። ምስክር ካስፈለገ ከሾላው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ ይህም ማለት ግማሹ የፎገራ ሰው ነው።

በመጨረሻም የምጨምረው ቃል ካለ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው። ሰኞ የነነዌ ጾም ስለሚገባ ቀኑ ሊራዘም አይችልም። ሙሽራዪቱ ከአባቷ ቤት ወጥታ ወረታ የምትገባው በበቅሎዋ ነው። ነገሩ እስኪጣራ አንድ ታሳሪ ጣቢያ ውስጥ መቅረት ካለበት እኔ እቀራለሁ፤ ሀቢባ ምሳ ታመጣልኛለች። በቅሎዋን ግን ዛሬውኑ ፍቱልኝ።

የሰጠሁት ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ከተናገርሁት ውስጥ ሳይጻፍ የቀረ ቢኖር ሳቁ ብቻ ነው። የተጻፈው በሙሉ እውነት ስለመሆኑ በእምነቴ ምዬ፣ በማውቀው በዐረብኛ ፊደል ፈርሜአለሁ።

ቃል ሰጪው፦ ሳልህ መሐመድዘይን (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ አለኸኝ ገብረ ሐና (ፊርማ)

አንዲት ዳማ በቅሎ ከነግላሷ፣ ከቃል ሰጪው ጋር አብራ ስለተለቀቀች ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተረክቤአለሁ።
ታይቱ አድማሴ (ፊርማ)