በመስኮታችን ላይ የቆመው የፋርስ ማማ

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ክቡር አቶ ክብሩ፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ ሱቅህን ዘግተህ ከታች ከሲቀላ የመጣህልኝ ጓደኛዬ ሙህሲን፤ እንዲሁም ንግግሬ እንዲያጥር ከጠዋት ጀምራ የምትጸልየው ባለቤቴ ሉሊት፦ ስለ ዝግጅቱም፣ ስለ ዓሣውም፣ ስለ መልካም ቃላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፤ በዚህ የአርባ ምንጭ ወበቅ ለሰው ቡልኮ ይሰጣል? ስቀበለው ራሱ ላብ አጠመቀኝ። የሥዕል ባለሙያችን ሄራን በጆሮዬ «ለጨንቻ ነው ጋሼ» አለችኝ። ገባኝ። ስጦታ ሳይሆን የመሸኛ ደብዳቤ ነው። ሽማግሌው ወደ ደጋው ይውጣልን ማለታችሁ ነው። እሺ፣ እወጣለሁ። ፖሜን እየተከልኩ እኖራለሁ። ግን ብዙም አትደሰቱ፤ በየሁለት ሳምንቱ እየወረድኩ አያችኋለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ የቅርስ መሥሪያ ቤት ሠራሁ። ሥራዬን የማታውቁ አዲሶች ካላችሁ፣ ሥራዬ አሮጌ ቤት መለካት ነው። ሜትር እይዛለሁ፣ እለካለሁ፣ እስላለሁ። በቃ። አንድ ጊዜ ዶርዜ ውስጥ የአንዲት እናት ቤት እየለካሁ ሳለ ሴትዮዋ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ያዩኝ ጀመር።

«ልትሸጡት ነው ወይስ ልታፈርሱት?» አሉኝ።

«ኧረ ላስቀምጠው ነው እማማ።»

«የት?»

«ወረቀት ላይ።»

«ወረቀት ላይ ማን ያድራል?» አሉኝ።

ሜትሬን ጠቅልዬ ሄድኩ። ጥያቄው ግን እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ኖረ።

አሁን አንድ ኑዛዜ አለኝ። የፋርሱን ሳጥን ታሪክ ግማሹን ታውቁታላችሁ። ሌላውን ግማሽ በዚህ መሥሪያ ቤት ከሄራንና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አቶ ክብሩ፣ ጡረታዬ ጸድቋል አይደል? ደብዳቤው ወጥቷል? እንግዲያው ልቀጥል።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ የጭቃና የጡብ ቤት አያያዝ እንድማር ለአሥር ሳምንት ወደ ኢራን ተላክሁ። ድሮ ፋርስ የምንላት አገር። በበረሃ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። ያስተማረችን ማህናዝ የምትባል አርክቴክት ናት። ማህናዝ የዕድሜዋን ግማሽ የሰጠችው ለአንድ ቤት ነው፤ ለውኃ ቤት። ከመሬት በታች የተቆፈረ፣ በላዩ የጡብ ጉልላት የተደፋበት፣ አራት መቶ ዓመት የሞላው የውኃ ጎተራ ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ማማዎች ቆመዋል። ማማዎቹ ከላይ ንፋስ እየያዙ ወደ ታች ይልካሉ። በዚያ ቃጠሎ መሃል ውኃው ጥርስ ያደነዝዛል። ፍሪጅ የለም፣ መብራት የለም። መብራት ስለሌለው አይጠፋም፤ ይህን ስሰማ እንዴት እንደቀናሁ ታውቃላችሁ።

በሥልጠናው መጨረሻ እያንዳንዳችን አገራችን ቤቷን እንዴት እንደምትጠብቅ እንድንናገር ታዘዝን። እኔም ቆሜ፣ «የእኛ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላውን ቆርጠን እንጥላለን። ቦታው ከከፋም ቤቱን ተሸክመን ሌላ ቦታ እናቆመዋለን» አልኩ።

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። «ዕቃውን ማለትህ ነው?»

«ቤቱን።»

«አፍርሳችሁ?»

«ሳናፈርስ።»

ስላላመነኝ ሰሌዳው ላይ ሣልኩለት፤ ከሥሩ ሃያ እግር ያወጣ ቤት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማህናዝ ግን አልሳቀችም። «ሰዎቹን ማን ነው የሚጠራቸው?» አለችኝ። «ቤት ሲነሳ ያየ ሁሉ ይመጣል» አልኳት። ጻፈችው። ከዚያ እኔ ሞቅ ብሎኝ ስለ ምስጥ ሌክቸር ጀመርኩ። «መሬት የነካ ነገር አትመኑ! ምስጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው!» አልኩ። ይህንንም ጻፉት። እባካችሁ እናንተም ያዙልኝ፤ ቆይቶ ይመጣብኛል።

ዓመታት አለፉ፤ እነ ማህናዝ አገር ጦርነት መጣ። ማን ምን አለ፣ ማን ማንን መታ የሚለውን ለዜና አንባቢዎች እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው ማህናዝ እንቅልፍ ማጣቷን ነው። በጉልላቱ ዙሪያ የአሸዋ ከረጢት ደረደረች። ጣሪያው ላይ፣ ይህ ቅርስ ነውና አትምቱት የሚለውን ሰማያዊ ምልክት ሣለች። «ከሰማይ የሚወርደው ነገር ማንበብ ይችላል?» ብዬ ጻፍኩላት። «እኔም እሱን ነው የምጠራጠረው» ብላ መለሰችልኝ።

ድብደባው ጋብ ባለበት ሰሞን ሌላ መልእክት ላከች። «ደግፌ፣ የእኔ ቤት ጭቃና ጡብ ነው፤ ተነስቶ አይሄድም። ሥዕሎቹን ግን ተሸከሙልኝ።» በእጇ የሣለቻቸውን ዘጠና ስድስት ሉሆች በሙሉ አስገልብጣ ቅጂውን ዱባይ ለሚኖር የወንድሟ ልጅ ሰጠች። ከዚያ ያመጣልን ይኸው ሙህሲን ነው፤ ለሱቁ ከገዛው የብርድ ልብስ ጥቅልል ጋር። ሙህሲን፣ ፈታሹ ምን ነበር ያለህ? «ምንድን ነው?» ሲለው «የውኃ ቤት ፕላን» ይላል። «የት ሊሠራ?» «ኧረ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ተሠርቷል።» «ታዲያ አሁን ፕላኑ ምን ያደርግልሃል?» ሙህሲንም፣ «ለእኔ ምንም፤ የጓደኛዬ ጓደኛ አደራ ነው» አለው። ፈታሹ ራሱን እየነቀነቀ አሳለፈው።

ሉሆቹ የተጠቀለሉበት ሳጥን እዚህ ሴቻ፣ ቢሯችን ደረሰ። አንዱ ሉህ የመኝታ ቤት በር ያክላል። የእኛ ስካነር ደግሞ የምታውቁት ነው፤ ከደብዳቤ የሚበልጥ ወረቀት ሲያይ ይደነግጣል። በስልክ ፎቶ አንስቼ ላስቀምጥ አልኩ። መቼ? ነገ። እስከዚያው ሳጥኑን በቢሮዬ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት።

ምን ላይ? መሬት ላይ።

አትሳቁ! እሺ እናንተ ሳቁ፣ ሙህሲን ግን አይሳቅ። ፋርስ ድረስ ሄጄ ስለ ምስጥ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ የዶርዜ ልጅ፣ የአደራ ሳጥን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ከአምስት ወር በኋላ ጦርነቱ እንደገና አገረሸ። ከማህናዝ አጭር መልእክት ደረሰኝ። መሥሪያ ቤቷ ተቃጥሏል፤ ሰው ተርፏል፣ የሥዕል ክፍሉ ግን ሙሉ በሙሉ ወድሟል። ጉልላቱ ተርፏል። የሰሜኑ ማማ ግን በፍንዳታው ወድቋል። «ሉህ አርባ አንድን አውጣልኝ። ማማው ከእንግዲህ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው» ይላል። ከዚያ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

ሳጥኑን ከፈትኩ። የሌሎቹ ሉሆች ዳር ዳራቸው ተበልቷል፤ ደህና ናቸው። ሉህ አርባ አንድ ከሥር ነበር። የቀረው ርዕሱና የማህናዝ ፊርማ ነው። ሌላውን ምስጥ በልቶታል።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን የተሰማኝን መቀለድ አልችልም። ቦምብ ያልደረሰበትን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ከሌሎቹ ማማዎች ገልብጠህ ብትሠራስ ትሉኝ ይሆናል። ማህናዝ ስታስተምረን፣ «አራቱ ማማዎች እህትማማቾች ናቸው እንጂ መንታ አይደሉም» ትል ነበር። አንዱ ከሌላው አይቀዳም። አቶ ክብሩ፣ ጨጓራዬን አሞኛል ብዬ ሦስት ቀን የቀረሁትን አስታወሱት? ጨጓራዬ ደህና ነበር። አፍሬ ነው።

በአራተኛው ቀን ለሄራን ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ቢቆጡኝም አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ንገሪኝ።»

«ሉህ አርባ አንድን ገልብጬው ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ በመጣ ሰሞን ሄራን አንዱን ሉህ ዘርግታ ሥር ያለውን በሚያሳይ ስስ የትሬሲንግ ወረቀት እየገለበጠች እጇን ስታፍታታ ደርሼባት ነበር። «የሰው አደራ መለማመጃ ይደረጋል?» ብዬ ጮኽኩባት። ሁለት ልጆች ያሏትን ባለሙያ፣ በሰው ፊት። ለካ ያኔ ጨርሳዋለች። ከእኔ ለመደበቅ ወዴት ወሰደችው? የቢሮዬ መስኮት መጋረጃ እንደሌለው ታውቃላችሁ፤ የጠዋት ፀሐይ በአባያ በኩል ሲወጣ ዓይን ያጠፋል። ሄራን ሥዕሉን ወደ ውጭ አዙራ፣ ከውስጥ ነጭ ወረቀት ደርባ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። እኔም «ጎበዝ፣ ፀሐዩን መላ አበጀሽለት» ብዬ አመስግኛታለሁ። አምስት ወር ሙሉ የፋርስ ማማ በሴቻ መስኮት ላይ ቆሞ አባያን ሲያይ ከረመ። እኔ ደግሞ በጥላው ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር!

ተንደርድረን አወረድነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ መስመሩ ግን አለ። ለምን? በእርሳስ ስለተሠራ። በእርሳስ ለምን ተሠራ? ጥሩዎቹን የቀለም ብዕሮች መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ማንንም ስለማላስነካ። የብዕሮቹ ቀለም ያንን ፀሐይ አይችለውም፤ አንድ ወር ሳይሞላው ይገረጣል። ስለዚህ ዓመታት ያማችሁት ስስቴ አንድ የፋርስ ማማ አድኗል። ይጻፍልኝ።

ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። በሠላሳ አንደኛው ረድፍ ላይ ጡቦቹ ተንጋደዋል። «እዚህ እጅሽ ስቷል» አልኩና ላጲስ አነሳሁ።

ሄራን እጄን ያዘችኝ። «አይንኩት ጋሼ። ያየሁትን ነው የሣልኩት።»

«አራት መቶ ዓመት የቆመ ማማ ጠማማ ረድፍ ይኖረዋል?»

«እኔ አላውቅም። እሷ ትጠየቅ።»

ላጲሱን አስቀመጥኩ። እንዴት እንደከበደኝ! ሠላሳ ዓመት የሰውን መስመር ሳቀና የኖርኩ ሰው ነኝ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሥዕሉን ፎቶ አንስተን ላክን። እኔም ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ መሬቱን፣ ምስጡን፣ መስኮቱን። አንድ ቀን መልስ የለም። ሁለተኛውም ቀን የለም። በቃ፣ ጓደኛዬን አጣሁ አልኩ። ሉሊት ትመስክር፣ ስልኩን ከእጄ አላወርድም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ። ስንከፍተው ሳቅ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳቅ! «መሬት የነካ ነገር አትመኑ ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ለሄራን ንገርልኝ። ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ጠማማ ነው። የድሮው ግንበኛ ነው የሳተው፣ እኛም እንወደዋለን። እሱን ሳይ ሌላው ሁሉ ትክክል እንደሆነ አመንኩ።» እኔና ሄራን ተያየን። ሄራን አለቀሰች። እኔስ? ላቤን ነው የጠረግሁት ብዬ ነበር፤ ውሸት ነው።

ዛሬ እዚያ የወደቁትን ጡቦች እየለቀሙ ቁጥር ይጽፉባቸዋል። ሰላም ሲሆን ማማውን ከነጠማማ ረድፉ ያቆሙታል። ሄራን፣ በአደባባይ ጮኼብሽ ነበርና በአደባባይ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። የቀለም ብዕሮቹ መሳቢያ ቁልፍ ይኸውልሽ። አንዷ እንኳ ብትጠፋ ከጨንቻ እወርዳለሁ!

እነሆ አሁን ሁሉም ሉሆች ፎቶ ተነስተዋል። ሳጥኑም ለጊዜው ቢሮዬ ውስጥ ብረት መደርደሪያ ላይ ነው፤ የመደርደሪያው እግሮች ደግሞ የተቃጠለ ዘይት በያዙ ቆርቆሮዎች ውስጥ ቆመዋል። የሴቻ ምስጥ ዋና ካልተማረ አይደርስበትም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ንብረቴን ሁሉ አስረክቤያለሁ፤ ሜትሩን፣ ወንበሩን፣ ያንን ድንጉጥ ስካነር። ይህ ሳጥን ግን የመሥሪያ ቤቱ ስላልሆነ ዝርዝር ውስጥ የለም። አቶ ክብሩ ትናንት «በማን ስም ይሁን?» ብለው ጠየቁኝ። ያዧ ሄራን ትሁን። አደራው ግን የሁላችሁ ነው። ምክንያቱም እንደ እኔ ያለ አዋቂ ብቻውን ሲይዘው ምን እንደሚያደርገው አይታችኋል።

እኚያን የዶርዜ እናት ዛሬ ባገኛቸው መልስ አለኝ። ወረቀት ላይ ማን ያድራል? ቤቱ የፈረሰበት ሰው ያድራል እማማ፤ ቤቱ እስኪቆም ድረስ።

እንግዲህ እንደ አገራችን ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር በእጄ ባልይዝም፣ ልመርቃችሁ። ሰማያችሁ ዝናብ እንጂ እሳት አያውርድ። አሜን በሉ እንጂ! የለካችሁት ይቁም፣ የሣላችሁት ይገኝ። ልጆቻችሁ አባያን በሰላም መስኮት ይዩ። ማህናዝ ማማዋ ሥር ቆማ ቀዝቃዛ ውኃ ትጠጣ። እኔንም ፖሜ ያፍራልኝ፣ ቡልኮዬ ያሙቀኝ። አሜን።

ሳጥኑን ወደ አዲሱ የመዛግብት ክፍል የምናወጣው ዛሬ፣ አሁን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ይችለዋል፤ እኔ ግን በአንድ ሰው እጅ ሲወጣ ማየት አልፈልግም። ሁላችሁም እጃችሁን ታሳርፉበታላችሁ። ከሩቅ ያየን ሰው ሃያ እግር ያወጣ ቤት ይመስለው።

በሉ ተነሱ። ቤት ሊነሳ ነው።