እናቴ የመረቀችው አስተማሪ

ልጄ ሀያት ማባዣውን እንደ መንዙማ እያዜመች ከ«ሰባት ጊዜ አንድ» ካልተነሳች «ሰባት ጊዜ ስምንት» ላይ አትደርስም። ነገ ፈተና ነው፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እጮሃለሁ። ሲጨንቀኝ ስልኬ ላይ ያለውን የኤአይ አስተማሪ ከፈትኩላት። እሱ እቴ መልሱን መች ነገራት! «ሁልጊዜ ተደርድሮ የምታዪው ነገር ምንድነው?» አላት።

«አያቴ ሞጣ ገበያ በመደብ የምትሸጠው ሎሚ።»

«ስምንት ስምንት ሎሚ አድርገሽ ሰባት መደብ ብትደረድሪላትስ?»

እንባዋን ጠረገች። «አምስቱ መደብ አርባ፣ ሁለቱ አሥራ ስድስት... ሃምሳ ስድስት!» ዜማ የለ፣ ምን የለ!

እናቴ የአስተማሪውን ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለች። «ይሄን የመሰለ ልጅ ማን ወለደው? እደግ፣ ተመንደግ!» ብላ ስልኩን መረቀችው። ማሽን መሆኑን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን የእናት ምርቃት እንዴት ሜዳ ላይ ይቀራል? በእሱ ፈንታ «አሚን» አልኩ።